የአሮጌ የሩቅ ጉዞ መኪና የጭነት ልክ እንዴት ይወሰናል?

ብዙ ዘመን ባገለገለ ላንድሮቨር ወይም ላንድ ክሩዘር ወደ ዳናክል በረሃ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ጋራዥና ነዳጅ ማደያ ወደማይገኝበት ወደ ሌላ ሩቅ ስፍራ ለመጓዝ የተነሣ ሰው ሁሉ፣ ጓዙን በግቢው ዘርግቶ መኪናውን ባየ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሳያጋጥመው አይቀርም፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ ቢጫንበት ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱን በዐይን ግምት መስጠት ተለምዷል፤ የኋላው ሞላ እጅግ ካልረገበ፣ ጎማውም ካልተንፈራጠጠ «ይችላል» ይባልና ጉዞ ይጀመራል። ነገር ግን ዐይን ክብደትን አይመዝንም፤ ከልክ በላይ የተጫነ መኪናም ድካሙን በማለዳ በአስፋልት ላይ አይገልጥም፤ የሚገልጠው ቁልቁለቱ በረዘመበት፣ ሙቀቱ በበረታበት፣ ረዳትም በራቀበት ስፍራ ነው። በመኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ሕይወታቸውን ለእርስዎ ውሳኔ ዐደራ የሰጡ ናቸውና፣ ይህን ጥያቄ በቁጥር ሳይመልሱ ከግቢ መውጣት አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ በኅሊናዎ ሊቀረጽ የሚገባው መሠረታዊ ነገር ይህ ነው፦ የጭነት ልክ አንድ ቁጥር አይደለም። መኪናው በጠቅላላው የሚሸከመው ልክ አለው፤ የፊቱና የኋላው አክስል እያንዳንዳቸው ልክ አላቸው፤ እያንዳንዱ ጎማ ልክ አለው፤ ጣሪያውም ልክ አለው። ከእነዚህ መካከል አስቀድሞ የሚሞላው ሌሎቹን ሁሉ ይገዛል። ዕድሜም ከነዚህ ቁጥሮች ላይ ይቀንሳል እንጂ ከቶ አይጨምርም።

ለትምህርቱ ግልጽነት ምሳሌ የምናደርገው ላንድሮቨር ዲፌንደር 110ን ነው፤ ሥርዓቱ ግን ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናል። ለሥራው የሚያስፈልግዎ ደብተርና እርሳስ፣ የሜትር ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ዕቃ ተንጠልጥሎ የሚመዘንበት የእጅ ሚዛንና ጭነት መኪኖች ወደሚመዘኑበት ትልቅ ሚዛን መግቢያ ፈቃድ ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን በፋብሪካዎች፣ በእህል መጋዘኖችና በቁርጥራጭ ብረት መሸጫዎች ግቢ ይገኛል።

1. የመኪናውን ቁጥር ከራሱ ላይ ያንብቡ

ሠሪው ፋብሪካ የወሰነው ልክ የሚገኘው በመኪናው ላይ በተመታው የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። በዲፌንደር ኮፈኑን ሲከፍቱ በፍሬን ፔዳሉ ሣጥን አናት ላይ ያገኙታል። በብዙዎቹ የ110 መኪኖች ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ 3050፣ 6550፣ 1200 እና 1850። የመጀመሪያው መኪናው ከነሰዉ፣ ከነነዳጁና ከነጓዙ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት በኪሎ ነው፤ ሁለተኛው ተሳቢ ሲጨመር የሁለቱ ድምር ነው፤ ሦስተኛው የፊት አክስል፣ አራተኛው የኋላ አክስል ልክ ነው።

በዚህ ደረጃ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው፣ ጠቅላላውን ክብደት የጭነት መጠን አድርጎ ማንበብ ነው፤ 3050 ኪሎ ማለት መኪናው ራሱ ጭምር ነውና፣ ለጭነት የሚቀረው ከዚህ ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲነሣለት ነው። ሁለተኛው፣ የጓደኛን መኪና ቁጥር መዋስ ነው፤ ስማቸውና መልካቸው አንድ የሆኑ መኪኖች እንደተሸጡበት አገርና እንደተገጠመላቸው ሞላ ልካቸው ይለያያል። ሰሌዳው ጠፍቶ ወይም ዝጎ ከሆነ፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈውንም ከዚያ ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ አነስተኛውን ይያዙ።

2. የጎማውን ልክ ያረጋግጡ

በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የጭነት መለያ ነው። 105 የሚል ጎማ 925 ኪሎ፣ 112 የሚል 1120 ኪሎ፣ 116 የሚል 1250 ኪሎ፣ 120 የሚል 1400 ኪሎ ይሸከማል። ሁለት ቁጥሮች ተከታትለው፣ ለምሳሌ 120/116 ተብለው ቢጻፉ፣ የመጀመሪያው በአንድ ወገን ብቻውን ለሚገጠም ጎማ፣ ሁለተኛው ሁለት ሆኖ ተደርቦ ለሚገጠም ነውና፣ ለእርስዎ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ነው። በምሳሌያችን መኪና የኋላው አክስል 1850 ኪሎ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ቢያንስ 925 ኪሎ፣ ማለት ቢያንስ መለያ 105 ሊኖረው ይገባል። ይህ ግን ዳርቻው ስለሆነ፣ ድንጋይና ጉድጓድ ለበዛበት መንገድ ከዚህ እጅግ ከፍ ያለውን ይምረጡ። የጎማ ልክ ከአክስሉ ልክ ካነሰ፣ ሰሌዳው ምንም ቢል የሚገዛው ጎማው ነው።

የጎማውንም ዕድሜ ይዩ። «ዶት» ከሚለው የላቲን ጽሕፈት በኋላ በሚመጣው ተራ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ማለት በአውሮጳ አቈጣጠር 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማመን አደገኛ ነው፤ ፀሐይና ዘመን ላስቲኩን ከውስጥ ያደርቁታልና፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀውንና ከተሠራ ዐሥር ዓመት የሞላውን፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ ለዚህ ጉዞ አይውሰዱ።

3. ዕድሜ የቀነሰውን ይመርምሩ

ሰሌዳው የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ስለነበረው ጥንካሬ ነው። ዛሬ ያለውን ጥንካሬ ለማወቅ ከመኪናው በታች ገብቶ መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ያቁሙት፤ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ግን ከቶ አይግቡ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻው ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የዛገው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ልጣጭም ያረግፋል። በዲፌንደር ከሁሉ ይልቅ የሚዝገው የኋላው መስቀለኛ ብረት ነው፤ ብዙዎች ተጨማሪ ጄሪካንና ስኮርታ የሚያንጠለጥሉት ደግሞ በዚያው በኩል ነውና በልዩ ጥንቃቄ ይዩት። ቀጥሎ የሞላውን ቁመት በግራና በቀኝ ይለኩ፤ የሾክ አብዞርበሩ ዘይት መፍሰስ አለመፍሰሱን ይዩ፤ የጎማ ኩሽኔታዎችን ልቀትና የፍሬን ሸራውን ውፍረት በታመነ መካኒክ ያስመርምሩ፤ የፍሬን ዘይቱም መቼ እንደተለወጠ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ እጅግ የተስፋፋውን ስሕተት በግልጽ መናገር ይገባል። ሞላው የረገበ መኪና ወፍራም ሞላ ይገጠምለትና ቀና ሲል፣ ባለቤቱ የጭነቱ ልክ የጨመረ ይመስለዋል። ሞላው የመኪናውን አካል ከፍ አደረገ እንጂ ሻንሲውን አላደነደነም፤ አክስሉን አላወፈረም፤ ፍሬኑንም አላበረታም። እንዲያውም የመርገቡን ምልክት ከዐይን ስለሚሰውር፣ ባለቤቱ የበለጠ እንዲጭን ይደፋፈራል።

ከምርመራው በኋላ የራስዎን ልክ ይወስኑ። ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ለአሮጌ መኪናና ለሸካራ መንገድ ከሰሌዳው ጠቅላላ ክብደት ላይ አንድ ዐሥረኛ ያህል እንዲተዉ እመክራለሁ። በምሳሌያችን 3050 የነበረው 2750 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። የዛገ ሻንሲ፣ የተሰነጠቀ የሞላ መቀመጫ ወይም የላላ ኩሽኔታ ቢገኝ ግን መፍትሔው ጭነት መቀነስ ሳይሆን ጥገና ነው፤ ጥገናው ሳይፈጸም ጉዞው አይታሰብ።

4. ባዶውን መኪና ይመዝኑ

የመጽሐፉን የባዶ ክብደት አይመኑ። መኪናው በረጅም ዘመኑ ውስጥ የብረት ፓራውልት፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ዊንች፣ ፖርቶመጋላ፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ እየተጨመሩለት ከተወለደበት ክብደት ርቋል። ስለዚህ ታንኩን ሙሉ አድርገው፣ በቋሚነት የተገጠሙትን ሁሉ እንዳሉ ትተው፣ ሰውና ጓዝ ሳይኖር ወደ ትልቁ ሚዛን ይውሰዱት።

ሦስት ጊዜ ያስመዝኑ፤ በመጀመሪያ አራቱ ጎማዎች በሚዛኑ ላይ ሳሉ፣ ቀጥሎ የፊቱ ጎማዎች ብቻ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ። በእያንዳንዱ ጊዜ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን አይተው ማርሹን ነጻ አድርገው ፍሬኑን ይልቀቁ፤ የተያዘ ፍሬን የአክስሉን ንባብ ሊያዛባ ይችላልና። የፊቱና የኋላው ድምር ከጠቅላላው ጋር መቀራረብ አለበት፤ እጅግ ከተራራቀ ይድገሙ። የጭነት መኪና ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ20 ኪሎ ደረጃ ስለሚያነብ፣ ጥቂት ልዩነት ቢታይ አያስደንቅም።

5. የክብደት መዝገብ ያዘጋጁ

አሁን በደብተሩ ላይ እያንዳንዱን ነገር ከነክብደቱ ይጻፉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 0.84 ኪሎ፣ ቤንዚን ወደ 0.74 ኪሎ ይመዝናል። ሰዎችን በግምት ሳይሆን በሚዛን ይጻፉ፤ የቀረውንም ዕቃ በእጅ ሚዛኑ አንድ በአንድ ያንጠልጥሉ። «ይህ እንኳ ምንም አይደለም» የሚባሉት ጥቃቅን ነገሮች ተደምረው አንድ ሰው ያህላሉና አይናቋቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባዶው መኪና ከነመሣሪያው ተመዝኖ 2310 ኪሎ ሆነ እንበል። አራት ሰዎች 300 ኪሎ፤ ለበረሃው የሚሆን 100 ሊትር ውሃ ከነጄሪካኑ 105 ኪሎ፤ 40 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ከነብረት ጄሪካኑ 42 ኪሎ፤ ድንኳን፣ መኝታ፣ ስንቅና ልብስ ለአንድ ሰው 25፣ ለአራቱ 100 ኪሎ፤ መፍቻ፣ ክሪክ፣ መለዋወጫና የአሸዋ መውጫ ላሜራ 60 ኪሎ። የጭነቱ ድምር 607፣ ጠቅላላው 2917 ኪሎ ይሆናል። ከሰሌዳው በታች ነው፤ ከወሰንነው 2750 ግን በ167 ኪሎ ይበልጣል።

ምን ይነሣ? ውሃውን መቀነስ የሚቀልል ይመስላል፤ ነገር ግን በዳናክል ያለ ውሃ የሚቆም መኪና የሕይወት አደጋ ነውና ውሃ፣ ስኮርታ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥንና አስፈላጊው መፍቻ ከቶ አይነኩም። ከተጓዦቹ አንዱ በሌላ መኪና ቢሄድ፣ እርሱም፣ ጓዙም፣ የውሃው ድርሻም ሲነሣ ወደ 125 ኪሎ ይቀንሳል፤ 45 ኪሎ የሚመዝነው የብረት ፖርቶመጋላ ቢወርድ ጠቅላላው 2747 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ የጭነት ችግር መፍትሔው የጠነከረ ሞላ ሳይሆን ሁለተኛ መኪና ወይም ያነሰ የተጓዥ ቁጥር መሆኑን መዝገቡ ያስረዳል። ወደ እንዲህ ያለ በረሃ በአንድ መኪና ብቻ አለመሄድም ስለ ሌላ ምክንያት እንኳ የሚመሰገን ጥበብ ነው።

6. ጭነቱን በሥርዓት ያኑሩ

ልኩን የጠበቀ ጭነት ክፉ ቦታ ከተቀመጠ ልኩን ያልጠበቀ ይሆናል። የከበደው ሁሉ በወለሉ ላይ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ በተቻለ መጠን ከፊት መቀመጫዎች ጀርባ ይኑር። ውሃና ናፍጣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ቀላልና ግዙፍ የሆነው፣ እንደ ፍራሽና ድንኳን ያለው፣ ከላይ ይሁን። የግራውና የቀኙ ሸክም እኩል እንዲሆን ይጠንቀቁ፤ የአጋሰስ ጫኝ ሁለቱን ጫን ሳያመዛዝን በቅሎውን እንደማያስነሣ ሁሉ፣ እርስዎም ውሃውን በአንድ ወገን፣ ናፍጣውንና መፍቻውን በሌላው ወገን አመዛዝነው ያኑሩ።

ከኋላው አክስል በስተኋላ የሚንጠለጠል ክብደት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በ110 የሁለቱ አክስሎች ርቀት 2794 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ርቆ 100 ኪሎ ቢሰቀል፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 100 ሳይሆን ወደ 136 ኪሎ ነው፤ የፊቱ አክስል ደግሞ በ36 ኪሎ ይቀላል። ከፊት የቀለለ መኪና መሪው ይላላል፤ የፊቱም ፍሬን መሬትን የመጨበጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ስኮርታና ጄሪካን በኋላ በር ላይ ከመደርደራቸው በፊት ይህን ስሌት ያድርጉ።

ስለ ጣሪያም እንዲሁ ነው። የጣሪያው ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ለብቻው ተጽፏል፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደት ከዚያው ላይ እንደሚቀነስም አይርሱ። በላይ የተጫነ ክብደት መኪናው በጎን ዳገት ላይ ሲያጋድል የመገልበጥን አደጋ ያቀርባል። በጣሪያ ላይ ውሃና ነዳጅ አይጫኑ። በውስጥ ያለውንም ሁሉ በጠንካራ ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ይሰሩት፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ጄሪካን ወደ ተሳፋሪዎች ይወረወራልና።

7. የተጫነውን እንደገና ይመዝኑ

ከመነሻው ቀን በፊት ሁሉን ጭነው፣ ተጓዦቹን ሁሉ አስቀምጠው፣ ወደ ሚዛኑ ይመለሱ፤ እንደ በፊቱም ሦስቱን ንባቦች ይውሰዱ። ጠቅላላው ደኅና ሆኖ አንዱ አክስል ሊያልፍ እንደሚችል ያስተውሉ። ጠቅላላው 3000፣ የፊቱ 1100፣ የኋላው 1900 ቢሆን፣ ጠቅላላው ከሰሌዳው በታች ነው፤ የኋላው አክስል ግን ልኩን በ50 ኪሎ አልፏል። በዚህ ጊዜ ዕቃ ወደ ፊት ማዛወር ይጠቅም እንደሆነ ይሞክሩ፤ ካልጠቀመ ያውርዱ። ሚዛኑ ጣቢያ ላይ ሳሉ የግራውን ጎማዎች ብቻ በሚዛኑ ላይ ማቆም ከተቻለና መሬቱ እኩል ከሆነ፣ የጎኑንም መዛባት ያውቃሉ።

ይህን ሁለተኛውን ሚዛን «መዝገቡ አለና» ብሎ መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው። መዝገብ የሚያውቀው የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ምሽት የሚጨመረው የበርበሬ ቋጠሮ፣ የድንች ጆንያና የካሜራ ሣጥን የሚገለጠው በሚዛን ነው።

8. ንፋሱንና አነዳዱን ከክብደቱ ጋር ያስማሙ

ጎማ በጎኑ የተጻፈውን ክብደት የሚሸከመው ተገቢው ንፋስ ሲኖረው ብቻ ነው። ለ110 ከ7.50 አር 16 ጎማ ጋር የሚመከረው ከፊት 28፣ ከኋላ 48 ፒኤስአይ ነው፤ የእርስዎን ከመጽሐፉ ያረጋግጡ። ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ከጉዞ በፊት ነው፤ በመንገድ ሞቆ ያበጠውን ጎማ እያስተነፈሱ መሄድ ስሕተት ነው። ጎሚስታው «ለአራቱም እኩል ልሙላ» ቢልዎ ቁጥሩን ጽፈው ይስጡት። በአሸዋ ለመውጣት ንፋስ ካጐደሉ ፍጥነትዎን እጅግ ይቀንሱ፤ ጽኑ መሬት ሲያገኙም ወዲያው ይሙሉ፤ ከበድ ተብሎ በተጫነ መኪና ላይ ንፋሱ የጐደለ ጎማ ሞቆ ይፈነዳልና።

በቁልቁለት ያለው ሕገ ተፈጥሮ ምሕረት የለውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል፤ የከፍታው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል። 3050 ኪሎ የሆነው መኪና ከ2750 ኪሎው ይልቅ ከመቶ 11 እጅ ያህል የበለጠ ሙቀት ማስወገድ አለበት። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ስቦ ሲያረጅ ግን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥርና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ዘይቱን ያስለውጡ፤ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ቆመው ከባዱን ማርሽ ያስገቡ፤ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ጠበቅ አድርገው እየያዙ ይልቀቁ፤ የላስቲክ ወይም የሸራ ሽታ ቢሸትዎ በደኅና ስፍራ ቆመው እስኪቀዘቅዝ ይታገሡ።

በየዕረፍቱም መኪናውን ይዙሩት፤ የእያንዳንዱን ጎማ መሐል በእጅዎ ጀርባ ሳይነኩት አቅርበው ሙቀቱን ይመርምሩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሞቀው ስለ ኩሽኔታው ወይም ስለ ፍሬኑ ያስጠነቅቃል። የማሰሪያዎችን መላላትና የፖርቶመጋላውን ብሎኖችም ይዩ።

በመጨረሻ የሚከተሉትን ስድስት ቁጥሮች በአንዲት ካርድ ላይ ጽፈው ከሾፌሩ ፊት ያኑሩ፦ ጠቅላላው ልክ፣ የፊት አክስል ልክ፣ የኋላ አክስል ልክ፣ ዛሬ የተመዘነው ጠቅላላ ክብደት፣ የፊት ጎማ ንፋስ፣ የኋላ ጎማ ንፋስ። በመንገድ ላይ አንድ ተጓዥ ለማሳፈር ወይም አንድ ጆንያ ከሰል ለመጨመር ሲለመኑ መልሱን የሚሰጠው ይህ ካርድ ይሁን። ልቡናዎ ሊራራ፣ ይሉኝታም ሊያሸንፍዎ ይችላል፤ አክስሉና ፍሬኑ ግን ይሉኝታ አያውቁምና፣ ቁጥሩ ሞልቶ እንደሆነ በትሕትና «አይችልም» ይበሉ።